የአንድ ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ሕዝብ ስንት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ፈረንሳይ ትንንሽ ከተሞችና ስለ ሕዝባቸው የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበን እነሆ። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ቪሌር ኮትሬ ላይ ስለሚያርፉ እኛም እሷኑ ማሳያ አድርገናታል። ዓመታቱና ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን ዓ.ም. ብለን ለይተናል።

ጥያቄ፦ የቪሌር ኮትሬ ስም ከፈረንሳይኛ ቋንቋ ጋር ተያይዞ ሲነሳ እሰማለሁ። የት ነው የምትገኘው? ስንት ሕዝብ አላት? ለተማሪዎቼ ላስረዳቸው ፈልጌ ነው። (የፈረንሳይኛ መምህር፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ከፓሪስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄዱ ያገኟታል። ፈረንሳዮች ዴፓርትማን (አውራጃ) በሚሉት የአስተዳደር እርከን በኤን ሥር ናት፤ ክልሏ ኦ ደ ፍራንስ ይባላል። ዙሪያዋን 13,000 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የሬ ደን ከቧታል። ነገሥታቱ ወደዚህ ይመጡ የነበረውም ለአደን ነው፤ በከተማዋ ያለው ቤተ መንግሥት የተሠራው ደኑ ስላለ ነው ማለት ይቻላል።

የሕዝቧ ቁጥር ከ10 ሺህ በጥቂቱ ከፍ ያለ ነው። ይህን ቁጥር ተማሪዎችዎ በደንብ ይያዙት፤ በፈረንሳይ ሕግ 10 ሺህ ትልቅ ድንበር ስለሆነ ከታች እንመለስበታለን። ፈረንሳይ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ኮሚዩኖች አሏት። ኮሚዩን ማለት የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት ያለው ትንሹ የአስተዳደር ክፍል ነው። ከነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት 500 ሰው እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ቪሌር ኮትሬ ከፓሪስ ሲያዩዋት ትንሽ ብትመስልም በአገሩ ሚዛን ከብዙዎቹ ትበልጣለች።

ስሟን ያስጠራው በነሐሴ ወር 1539 ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ እዚያ የፈረመው ድንጋጌ ነው። በእኛ አገር አፄ ልብነ ድንግል ከኢማም አህመድ ጦር ፊት ከአምባ አምባ የሚሸሹበት ዘመን መሆኑ ነው። ድንጋጌው 192 አንቀጾች አሉት። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው 110ኛውንና 111ኛውን ነው፤ የፍርድና የውል ሰነድ በላቲን ሳይሆን በፈረንሳይኛ እንዲጻፍ ያዘዙት እነሱ ናቸው። ከሕዝብ ቁጥር አንጻር ግን ክብደት ያለው 51ኛው ነው፤ ቀሳውስት የሚያጠምቁትን ሕፃን ሁሉ የተወለደበትን ቀንና ሰዓት ጨምረው በመዝገብ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። የዛሬው የፈረንሳይ የልደት መዝገብ ግንዱ ይኸው ነው። ለክፍል ማስተማሪያ ከሁለቱ የቋንቋ አንቀጾች ይልቅ ይህን ብንመርጥ ደስ ይለናል።

ቤተ መንግሥቱ በናፖሊዮን ዘመን የለማኞች ማቆያ ሆነ፤ ኋላም የአረጋውያን መጦሪያ ሆኖ እስከ 2014 ቆየ። ከዚያ ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ፈሶበት ታደሰና በጥቅምት 2023 መጨረሻ ዓለም አቀፍ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። ውስጠኛው አደባባይ በመስታወት ጣሪያ ተሸፍኗል፤ ከጣሪያው ሥር የፈረንሳይኛ ቃላት ተንጠልጥለዋል።

ጥያቄ፦ ለአንድ የፈረንሳይ ከተማ ሦስት የተለያዩ የሕዝብ ቁጥሮች አገኘሁ፤ ሦስቱም ይፋዊ ነው ይላሉ። የትኛውን ልመን? (የጂኦግራፊ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሦስቱም እውነት ናቸው፤ የሚቆጥሩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ቁጥሩን የሚያወጣው የፈረንሳይ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኢንሴ ነው።

የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤቱ ሕዝብ ይባላል፦ መኖሪያቸው እዚያው የሆነ ሰዎች፣ በከተማዋ ውስጥ ባሉ ማረሚያ ቤቶች፣ ገዳማትና መጦሪያዎች የሚኖሩ ሰዎች፣ ቤት አልባዎች። በዚህ ስሌት አንድ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ይቆጠራል። ሁለተኛው ለብቻ የተቆጠረ ሕዝብ ነው፦ ሌላ ቦታ የሚኖሩ፣ ከዚህች ከተማ ጋር ግን ግንኙነታቸው ያልተቋረጠ ሰዎች ናቸው። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነና ለትምህርት ሌላ ከተማ የሚኖር ወጣት ወላጆቹ ባሉበት ከተማ በዚህ ረድፍ ይገባል፤ በዋናነት የሚቆጠረው ግን በሚማርበት ከተማ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ አዳሪ ተማሪ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዋናው ቁጥር ወላጆቹ ዘንድ፣ የብቻው ቁጥር ትምህርት ቤቱ ባለበት። ሦስተኛው የሁለቱ ድምር ነው፤ ጠቅላላ ሕዝብ ይባላል።

አንድ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ሕዝቧ 2,400 ለብቻ የተቆጠሩት 60 ቢሆኑ ጠቅላላው 2,460 ነው። ተማሪዎች የሚሳሳቱት የብዙ ከተሞችን ጠቅላላ ሕዝብ ደምረው የአውራጃውን ሕዝብ ለማግኘት ሲሞክሩ ነው፤ ያ 60 ሰው ሌላም ቦታ ስላለ ሁለት ጊዜ ይደመራል። ለመደመርና ለማነጻጸር የመጀመሪያውን ብቻ ይጠቀሙ።

አራተኛም አለ፤ ካጋጠመዎት አይደንግጡ። መንግሥት ለማዘጋጃ ቤቶች የሚሰጠውን ዓመታዊ ድጎማ ሲያሰላ ጠቅላላውን ሕዝብ ወስዶ ለእያንዳንዱ የዕረፍት ቤት አንድ ሰው ይጨምርበታል። የባሕር ዳርቻና የተራራ መዝናኛ ከተሞች ከዕረፍት ወቅት ውጭ ባዶ ጎዳና፣ በወረቀት ግን ብዙ ሕዝብ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የ2025 የሕዝብ ቁጥር ብዬ ስፈልግ የ2022 ይሰጡኛል። ለምን ያረጀ ቁጥር ያወጣሉ? (ከዚሁ ተማሪ)

መልስ፦ ፈረንሳይ አገሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚቆጥር ቆጠራ ከ2004 ጀምሮ ትታለች። አሁን በየዓመቱ በጥርና የካቲት ጥቂት ጥቂት ትቆጥራለች። ከ10 ሺህ በታች ሕዝብ ያላቸው ኮሚዩኖች በአምስት ምድብ ተከፍለዋል፤ በየዓመቱ አንዱ ምድብ አንድም ቤት ሳይቀር ይቆጠራል። ይህ ማለት እያንዳንዷ ትንሽ ከተማ በአምስት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ትቆጠራለች። ከ10 ሺህ በላይ የሆኑት ደግሞ በየዓመቱ ይቆጠራሉ፤ ግን የቤቶቹ 8 ከመቶ ብቻ በናሙና ይወሰዳል። በአምስት ዓመት 40 ከመቶ ይሞላል።

እንግዲህ ዘንድሮ የተቆጠረችውን ከተማና ከአራት ዓመት በፊት የተቆጠረችውን ለማነጻጸር ሁሉንም ወደ አንድ ቀን ማምጣት ያስፈልጋል። ኢንሴ የአምስቱን ዓመት ቆጠራ ይዞ ወደ መካከለኛው ዓመት ያመጣዋል። የ2022 ቁጥር በ2024 መጨረሻ ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሕግ የተሠራበት ለዚህ ነው። አረጀ የሚሉት ቁጥር በዚያ ዓመት በሕግ ፊት የሚጸናው እሱ ብቻ ነው። በ2021 በኮሮና ምክንያት ቆጠራው ወደ 2022 ስለተላለፈ በዚያ ሰሞን ያለው ዙር ትንሽ ተዛብቷል፤ የዚያን ጊዜ ቁጥር ሲያነጻጽሩ ይህን ልብ ይበሉ። ኢንሴ ራሱም ከአምስት ዓመት ባነሰ ልዩነት ያሉ ሁለት ቁጥሮችን አታነጻጽሩ ይላል፤ የናሙናው ዓመታት ስለሚደራረቡ ነው።

ቪሌር ኮትሬ ከ10 ሺህ በላይ ስለሆነች በናሙና ከሚቆጠሩት ውስጥ ናት። ጎረቤትዎ ቅጽ ደርሶት እርስዎ ካልደረሰዎት ተረስተው አይደለም፤ የእርስዎ አድራሻ ዘንድሮ አልወጣም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ከወረቀት አልፎ ለከተማው ምን ያመጣለታል? (ከወላይታ ሶዶ)

መልስ፦ ብዙ ነገር። የምክር ቤት አባላት ቁጥር በሕዝብ ቁጥር የተሰፋ ነው፦ ከ100 ሰው በታች ላለበት መንደር 7፣ ከ500 እስከ 1,499 ለሆነ 15፣ ከ5,000 እስከ 9,999 ለሆነ 29፣ ከ10,000 እስከ 19,999 ለሆነ 33። ቪሌር ኮትሬ ከ10 ሺህ ብትወርድ በሚቀጥለው ምርጫ አራት መቀመጫ ታጣለች። በምክር ቤቱ ዘመን መሃል ቁጥሩ ቢወርድ ግን ማንም ወንበሩን አይለቅም።

መድኃኒት ቤትም እንዲሁ ነው። በመሠረታዊው ደንብ አንድ ኮሚዩን የመጀመሪያውን መድኃኒት ቤት ፈቃድ የሚያገኘው 2,500 ሰው ሲሞላ ነው፤ ከዚያ በየ4,500 ሰው አንድ ይጨመራል። ሁለተኛው በ7,000፣ ሦስተኛው በ11,500 ማለት ነው። ደንቡ የሚመለከተው አዲስ ፈቃድን ስለሆነ ድሮ የተከፈቱት ባሉበት ይቀጥላሉ፤ 2,000 ሰው ያላት ከተማ ሁለት መድኃኒት ቤት ካላት ምክንያቱ ይኸው ነው። ፋርማሲስቱ ጡረታ ሲወጣ ገዢ ካጣ ግን ፈቃዱ አብሮ ይሞታል፤ በትንሽ ከተማ ትልቁ ጭንቀት ይህ ነው።

ከተማ የሚለው ስያሜ ራሱ ቁጥር አለው። ቤቶቹ ተያይዘው፣ በመካከላቸው ከ200 ሜትር የበለጠ ክፍተት ሳይኖር 2,000 ሰው ካለ ኢንሴ የከተማ ክልል ይለዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ የቱንም ያህል ቢያምር የከተማ ክልል አይባልም።

ጥያቄ፦ በጥገኝነት ጠያቂነት አንዲት ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው። ቆጣሪ መጥታ የመልእክት ሳጥኔ ውስጥ ወረቀት ጥላ ሄደች። ወረቀቴ ገና አልተፈጸመም፤ ብመልስ ፖሊስ ዘንድ አይደርስም? ባልመልስስ ምን ይመጣል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባናል፤ ግን ይመልሱ። ቆጠራው የሚመለከተው በቤቱ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ነው። መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቆጣሪዋም መታወቂያዎን እንድታይ አልተፈቀደላትም። በ1951ዱ የስታቲስቲክስ ሕግ መሠረት መልሱ ምስጢር ነው፤ ለፖሊስም፣ ለግብርም፣ ለአውራጃው አስተዳደር ለፕሬፌክቱርም አይሰጥም። በዚሁ ሕግ መመለስ ግዴታ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው 38 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆጠራው በጥር ወር ሦስተኛው ሐሙስ ይጀመራል፤ ከ10 ሺህ በታች በሆኑ ኮሚዩኖች አራት ሳምንት፣ ከዚያ በላይ በሆኑት አምስት ሳምንት ይቆያል። ሳጥንዎ ውስጥ የተጣለው ወረቀት ላይ የመግቢያ ቁጥርና የይለፍ ቃል አለ። በነሱ በኢንተርኔት ገብተው ይሞላሉ፤ ኢንተርኔት ካስቸገረዎ የወረቀት ቅጽ ይጠይቁ። ቅጹ ሁለት ዓይነት ነው፦ ለቤቱ አንድ፣ በቤቱ ለሚኖር ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ አንድ አንድ። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ቤት ተጋርተው ቢኖሩ የቤቱ ቅጽ አንድ ብቻ ነው፤ የሰው ቅጹ ሦስት ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እያንዳንዱ ለየብቻው የቤት ቅጽ ሲሞላ አንድ ቤት ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ለሕፃንም ቅጽ ይሞላለታል። ለአንድ ሳምንት የመጣ እንግዳ አይሞላም። በጋራ መጠለያ ሕንፃ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅጹ የሚመጣው በመጠለያው ኃላፊ በኩል ነው።

እውነተኛዋን ቆጣሪ የሚለዩት ባለ ሦስት ቀለም መታወቂያ ስላላት ነው፤ ፎቶዋና የከንቲባው ፊርማ አለበት። ስሟን ማዘጋጃ ቤት ደውለው ማጣራት ይችላሉ። ቆጠራ ነጻ ነው። ገንዘብ፣ የባንክ ቁጥር ወይም የደመወዝ መጠን የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነውና በሩን ይዝጉበት።

ማዘጋጃ ቤቱ ቆጣሪዎቹን የሚቀጥረው ራሱ ነው፤ በትንሽ ከተማ ለአንድ ሰው 250 ገደማ ቤት ይደርሰዋል። ቆጣሪዋ በር ስታንኳኳ የሚከፍት ካጣችና ሳምንታቱ ካለቁ ያ ቤት በግምት ይሞላል፤ ከተማውም ድጎማ የሚያገኘው በዚያው ግምት ነው።

ጥያቄ፦ በቪሌር ኮትሬ ስንት ጥቁር፣ ስንት ሙስሊም፣ ስንት ኦርቶዶክስ ይኖራል? ሐበሾችስ አሉ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ይህን ከቆጠራው አያገኙትም። አሜሪካ ለለመደ ሰው ይገርማል፤ የፈረንሳይ ቅጽ ዘርንም ሃይማኖትንም አይጠይቅም። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በኅዳር 2007 ዘርን መነሻ ያደረገ ስታቲስቲክስ ከሕገ መንግሥቱ 1ኛ አንቀጽ ጋር ይጋጫል ብሎ ወስኗል። የሚጠየቀው የተወለዱበት አገር፣ ዜግነትዎና በተወለዱ ጊዜ የነበረዎ ዜግነት ነው። ከ2025 ጀምሮ ወላጆችዎ የተወለዱበት አገርም ተጨምሯል፤ ይህኛውን መመለስ ግን በፈቃድዎ ነው። ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው በቁጥሩ ውስጥ አለ፤ ለትንሽ ከተማ ግን በአገር ተዘርዝሮ አይወጣም፤ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ብቻ ከሆነ ማንነታቸው ስለሚታወቅ።

ጥያቄ፦ ደራሲው አሌክሳንደር ዱማ የዚያች ከተማ ልጅ ነው ይባላል፤ የአፍሪካ ደም እንዳለውም አንብቤያለሁ። እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እውነት ነው። አያቱ ማሪ ሴሴት ዛሬ ሃይቲ በምንላት በሳን ዶማንግ በባርነት የነበረች ሴት ናት። አባቱ ቶማ አሌክሳንደር በ1762 እዚያ ተወለደ፤ አባትየው ፈረንሳዊ ባላባት ነበር። ቶማ ወደ ፈረንሳይ መጥቶ ተራ ወታደር ሆነ። በ1789 ክፍለ ጦሩ ቪሌር ኮትሬ ሲሰፍር የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ልጅ ማሪ ሉዊዝ ላቡሬን አወቃት። በአብዮቱ ጦር ጄኔራል እስከ መሆን ደርሶ በ1806 እዚያው ከተማ አረፈ። ጋብቻቸው የተፈጸመው በኅዳር 1792 ነው። መዝገቡን ከቀሳውስት ወስዶ ለማዘጋጃ ቤት የሰጠው ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት በመስከረም 20 ስለሆነ፣ ባልና ሚስቱ በአዲሱ ሥርዓት ከተጋቡት ከመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው።

የልጃቸው የልደት መዝገብ ደግሞ ቴርሚዶር 5፣ ዓመት 10 ይላል፤ ሐምሌ 24 ቀን 1802 ማለት ነው። አብዮተኞቹ ያወጡት አቆጣጠር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አይከብድም፦ 12 ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን፣ የዓመቱ መባቻም በመስከረም። በ1805 መጨረሻ ቀረ። ልጁ አድጎ ወደ ፓሪስ ሄደና ዓለም ያወቀው ደራሲ ሆነ። አጽሙ በተወለደበት ከተማ ቆይቶ በ2002 የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓሪሱ ፓንቴዮን ተዛወረ። ከተማው ሐውልት አቁሞለት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብረቱ ሲባል ቀለጠ፤ በኋላ ሌላ ተተካ።

ጥያቄ፦ የፈረንሳይ የልደት ወረቀት እንዴት ይወጣል? እኔ ስደተኛነቴ ጸድቆልኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ በኤን አውራጃ የተወለደች ፈረንሳዊት ናት። ስለ ቅድመ አያቶቿም ማወቅ እንፈልጋለን። (ከሊዮን)

መልስ፦ የባለቤትዎ ቀላል ነው። የልደት ወረቀት የሚሰጠው የተወለዱበት ማዘጋጃ ቤት እንጂ የሚኖሩበት አይደለም። በኢንተርኔት፣ በፖስታ ወይም በአካል ይጠየቃል፤ ምንም አይከፈልበትም። በፍለጋ ከላይ የሚመጡት ክፍያ የሚጠይቁ ገጾች ደላሎች ናቸው። ሦስት ዓይነት አለ፦ ሙሉ ቅጂ፣ የወላጆችን ስም የያዘ ማውጫ፣ የወላጆች ስም የሌለው ማውጫ። የመጨረሻውን ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። ለጋብቻ ወይም ለዜግነት ሲሆን መሥሪያ ቤቱ የትኛውን እንደሚፈልግና ከስንት ወር ያልበለጠ መሆን እንዳለበት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ወረቀቱን ቀድሞ አውጥቶ ጊዜው ያልፍበታል።

የእርስዎ መንገድ ሌላ ነው። ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ከአገሩ ኤምባሲ ወረቀት እንዲያመጣ አይጠየቅም። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ኦፍፕራ ራሱ የልደትና የጋብቻ ሰነድ ያዘጋጅለታል፤ በሕግ ፊትም ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት እኩል ነው። እዚህ ላይ ሐበሻን ደጋግሞ የሚያስቸግረው የዘመን ልወጣ ነው። መስከረም 1 ቀን 1985 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው፤ ልዩነቱ ሰባት ዓመት። ጥር 1 ቀን 1985 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 9 ቀን 1993 ነው፤ ስምንት ዓመት። ሁሉንም ሰባት ደምሮ ያስመዘገበ ሰው ከዓመት ስህተት ጋር ይኖራል፤ ወርና ቀኑን ሳይለውጥ የጻፈም እንዲሁ። ስለዚህ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ቀኑን በራስዎ ይለውጡ፤ የእርስዎና የልጆችዎ ወረቀት ላይ ስምዎ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉንም ያረጋግጡ። ተራ የጽሕፈት ስህተትን ኦፍፕራ ራሱ ያርመዋል፤ ከዚያ ያለፈው ጉዳይ ወደ ፓሪስ ፍርድ ቤት ይሄድና ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ስለ ቅድመ አያቶች፦ የሞት መዝገብ ወዲያው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የልደትና የጋብቻ መዝገብ 75 ዓመት ሲያልፈው ይከፈታል። ፍለጋውን ከሚታወቀው ሰው ይጀምሩና ወደ ኋላ ይሂዱ፦ የጋብቻው መዝገብ የወላጆችን ስም ይነግርዎታል፣ እሱ ወደ ልደቱ ይወስድዎታል። በየአሥር ዓመቱ የተዘጋጁ የስም ማውጫዎች ስላሉ ገጽ በገጽ ማገላበጥ አያስፈልግም። የኤን አውራጃ ቤተ መዛግብት ላኦን ከተማ ነው። አውራጃው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የተመታ ስለሆነ በአንዳንድ መንደር የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ጠፍቷል። ተስፋ አይቁረጡ፤ ከ1667 ጀምሮ መዝገብ በሁለት ቅጂ ስለሚያዝና ሁለተኛው ፍርድ ቤት ስለሚቀመጥ አንዱ ሲቃጠል ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ከ1792 በፊት ያለውን ፍለጋ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ከተማ ቤት ልንገዛ አስበናል። ከተማው እየሞተ ነው ወይስ እያደገ መሆኑን ከቁጥር እንዴት እናያለን? (ባልና ሚስት፣ ከፓሪስ ዳርቻ)

መልስ፦ ከኢንሴ ድረ ገጽ የኮሚዩኑን ሙሉ ዶሴ ያውርዱ፤ ነጻ ነው። ስም ብቻ ጽፈው አይፈልጉ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ናቸውና ባለ አምስት አኃዝ የኮሚዩን መለያውን ይጠቀሙ። መለያው ከፖስታ ቁጥሩ የተለየ ነው፤ አንድ የፖስታ ቁጥር ብዙ መንደሮችን ሊይዝ ይችላል።

በመጀመሪያ የሚያዩት ሰንጠረዥ ሕዝቡ ከ1968 ጀምሮ እንዴት እንደተለዋወጠ ያሳያል። ለውጡን ለሁለት ይክፈሉት፦ ልደት ሲቀነስ ሞት፣ የገባ ሲቀነስ የወጣ። የ3,000 ሰው ከተማ በአምስት ዓመት ወደ 2,900 ወረደ እንበል። 120 ተወልዶ 270 ሞቶ ከሆነ በተፈጥሮ ብቻ 150 ሰው ጎድሏል። የጠፋው በድምሩ 100 ከሆነ 50 ሰው ከውጭ ገብቷል ማለት ነው። ቁጥሩ ቢወርድም ሰው እየመጣባት ነው፤ ቤት ለሚገዛ ሰው ይህ ደህና ምልክት ነው። ተቃራኒው፣ ልደት በዝቶ ሰው የሚወጣባት ከተማ፣ ሥራ የላትም ብለው ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ባዶ ቤቶችን ይዩ። የዕረፍት ቤት አንድ ነገር ነው፣ ማንም የማይኖርበት ቤት ሌላ ነው፤ ሰንጠረዡ ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። ባዶው ከአሥር አንድ ካለፈ ሲሸጡ ገዢ ፍለጋ እንደሚቆዩ ይወቁ። ድንገት የወረደ ቁጥር ካዩ ደግሞ መጦሪያ ወይም ካምፕ ተዘግቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሁሉ ከከተማው ሕዝብ ላይ አብረው ይቀነሳሉ፣ የቤት ገበያው ግን ምንም ላይነካ ይችላል። በመጨረሻ ስንት ሠራተኛ ከኮሚዩኑ ውጭ እንደሚሠራ ይመልከቱ። ቪሌር ኮትሬን በመሰሉ፣ ከፓሪስ በባቡር አንድ ሰዓት በማይርቁ ከተሞች ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። የጠዋቱ ባቡር ከተሰረዘ የሚያዩት ቤትዎን ሳይሆን መድረኩን ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት ጣቢያው ሄደው ይቁሙ።

ጥያቄ፦ ሰው የሌለበት ኮሚዩን በፈረንሳይ አለ መባሉ ቀልድ ነው? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። በ1916 የቬርደን ጦርነት ተጠራርገው ከጠፉት መንደሮች ስድስቱ ዛሬም በሕግ ኮሚዩን ናቸው፤ ነዋሪያቸው ዜሮ ነው። ፍለሪ ድቫን ዱዎሞንና ቤዞንቮ ከነሱ መካከል ናቸው። መሬቱ በመርዝና ባልፈነዳ ጥይት ስለተሞላ ማንም እንዲመለስ አልተፈቀደም። የሚመርጥ ሕዝብ ስለሌለ አውራጃውን የሚያስተዳድረው ፕሬፌ ሦስት ሰዎች ይሾማል፤ ከነሱ አንዱ እንደ ከንቲባ ይሠራል፣ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓቱን ይመራል፣ መቃብሩንና ጸሎት ቤቱን ያስጠብቃል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቀን ቪሌር ኮትሬን ማየት ይበቃል? (ከብራስልስ)

መልስ፦ ይበቃል። በፓሪስ «ጋር ዱ ኖር» ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ወደ ላኦን የሚሄደውን የክልል ባቡር ይያዙ። ከጣቢያው እስከ ቤተ መንግሥቱ በእግር ይደርሳሉ። ጠዋት ቤተ መንግሥቱን፣ ከሰዓት የዱማን ሙዚየምና የደኑን ዳር። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ግን ጠዋት ሲደርሱ ጣቢያው ላይ ያረጋግጡ፤ እሑድ ማታ ባቡሩ ጥቂት ነው።